«የሥራ ፈቃድ ከየት ነው የሚወጣው?» ክረምቱን መሥራት ለሚፈልግ ተማሪ

ሰኔ ላይ ፈተና እንዳለቀ በየዓመቱ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው። «16 ዓመቴ ነው፤ ክረምቱን መሥራት ፈልጌ ነበር፤ የሥራ ፈቃድ ከየት ነው የሚወጣው?» መልሱ አጭር ነው፦ ከየትም። ለኢትዮጵያዊ ተማሪ እንዲህ የሚባል ወረቀት የለም። በእኛ ሕግ «የሥራ ፈቃድ» ለውጭ አገር ዜጋ የሚሰጥ ነው። ወረዳ ሄዳችሁ በዚህ ስም ብትጠይቁ «ንግድ ፈቃድ ነው?» ይሏችሁና ሌላ መስኮት ላይ ትሰለፋላችሁ።

ነገሩ ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። አሜሪካ ያለ የአክስት ልጅ በስልክ ሲያወራ «ፈቃዴን አወጣሁ» ይላል፤ እውነቱን ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ለምሳሌ 18 ዓመት ያልሞላው ተማሪ ሥራ ሲያገኝ እሱም፣ ወላጁም፣ አሠሪውም የፈረሙበት ቅጽ ለትምህርት ቤቱ ይቀርባል፤ ፈቃዱንም የሚሰጠው ትምህርት ቤቱ ነው። እኛ ጋ ሕጉ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ተማሪውን ፈቃድ አምጣ አይለውም፤ አሠሪውን ነው እንዲህ ያለውን አትቅጠር፣ ይህን አታሠራ፣ ከዚህ ሰዓት በላይ አታቆይ የሚለው። ጥሩ ነው፣ ግን አንድ ጣጣ አለው። ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ወረቀታችሁን የሚያይ ሦስተኛ ወገን የለም። ስለዚህ ወረቀቱን ራሳችሁ ካልያዛችሁ ማንም አይዝላችሁም።

የሚያስፈልገው ዋናው ቁጥር 15 ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከ15 ዓመት በታች ያለ ሰው መቅጠርን ይከለክላል፤ 15 ሞልቶት 18 ያልሞላውን ደግሞ «ወጣት ሠራተኛ» ብሎ የተለየ ጥበቃ ይሰጠዋል። «14 ይበቃል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የሚያወራው ስለ ድሮው አዋጅ፣ ስለ 377/1996 ነው።

15 መሙላት ማለት ቀኑን መሙላት ማለት ነው። ነሐሴ 20 ቀን 2003 የተወለደ ልጅ ሐምሌ 1 ቀን 2018 ሥራ ቢጀምር ገና 14 ዓመቱ ነው፤ አሠሪው ሕግ ጥሷል። ነሐሴ 20 ላይ ግን ይችላል። የፈረንጅ ዘመን ሲገባበት ነገሩ ይበላሻል። ይኸው ቀን በእነሱ አቆጣጠር ኦገስት 26 ቀን 2011 ነው፤ ልዩነቱ 8 ዓመት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ የተወለደ ግን ልዩነቱ 7 ነው። ቅጽ የሚሞላው ሰው ለሁሉም 7 ወይም ለሁሉም 8 ሲደምር ልጁ በወረቀት ላይ አንድ ዓመት ያረጃል ወይም ያንሳል። በኋላ ፋይዳው አንድ ዓመት፣ የልደት ሰርተፍኬቱ ሌላ ዓመት ሲል «የቱ ነው ትክክሉ?» የሚባለው ለዚህ ነው።

ዕድሜን የሚያሳየው ዋናው ሰነድ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። የቀበሌ መታወቂያ (ስሙ ቀበሌ ይባል እንጂ የሚሰጠው ወረዳው ነው) 18 ሳይሞላ አይወጣም፤ «መታወቂያ አምጣ» የሚል አሠሪ ጋ የልደት ሰርተፍኬቱን ከተማሪ መታወቂያ ጋር አያይዛችሁ አቅርቡ። ሰርተፍኬት የሌለው ልጅ ወላጁ በሚኖርበት ወረዳ፣ የሲቪል ምዝገባና የነዋሪነት አገልግሎት ኤጀንሲ ጽሕፈት ቤት፣ በወላጁ አማካይነት ያስመዘግባል። ወላጅ የራሱን መታወቂያ ይዞ መቅረብ አለበት፤ ልጁን ብቻውን መላክ የታክሲ ብር ማባከን ነው። የክትባት ካርድ ወይም ከተወለዳችሁበት ጤና ተቋም የተሰጠ ማስረጃ ቤት ውስጥ ካለ ፈልጋችሁ ያዙ፤ ዘግይቶ ለሚመዘገብ ሰው ነገሩን ያቀላል።

ሰርተፍኬቱን እንደተቀበላችሁ ከመስኮቱ ሳትርቁ ስሙን ፊደል በፊደል አንብቡ። የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት። «ሀ»ና «ኃ»፣ «ሰ»ና «ሠ» የሚያመጡት ጣጣ ትንሽ ነው፤ ትልቁ ጣጣ ያለው በእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፉ ላይ ነው። ፋይዳ ላይ አንድ ዓይነት፣ ትምህርት ቤት ሌላ ዓይነት ከተጻፈ ባንክ ላይ ትቆማላችሁ። ፋይዳ ላይ የሠፈረውን አጻጻፍ ወስዳችሁ ሌላውን ሁሉ በእሱ አስተካክሉ፤ አዲስ አካውንት ሲከፈት ባንክ የሚጠይቀው እሱን ነውና።

ከትምህርት ቤት ደብዳቤ ሕጉ አይጠይቅም። አሠሪዎች ግን ይወዱታል፤ በተለይ ገንዘብ የሚያስይዙ ከሆነ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ተብሎ ተማሪ መሆናችሁንና ክፍላችሁን የሚገልጽ ሦስት መስመር ይበቃል። ቁጥር፣ ቀን፣ ማኅተም ይኑረው፤ ከሦስቱ አንዱ የጎደለው ደብዳቤ ብዙ ቦታ ተመላሽ ነው። ትምህርት ቤቱ ሳይዘጋ አውጡት። ሐምሌ አጋማሽ ላይ መዝገብ ቤት ሄዶ ማኅተም የያዘውን ሰው መፈለግ የክረምቱን አንድ ሳምንት ይበላል።

አሁን ወደ ዋናው እንምጣ፤ ወደ ውሉ።

የቅጥር ውል የተለየ ፎርም አያስፈልገውም። ውልና ማስረጃ ሄዶ ማጽደቅም አያስፈልግም፤ «እዚያ ሳይረጋገጥ አይሠራም» የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ጉዳይ ሊያስፈጽምላችሁ ፈልጓል። ውሉ ውስጥ የአሠሪው ስምና አድራሻ፣ የሠራተኛው ስም፣ ዕድሜና አድራሻ፣ የሥራው ዓይነትና ቦታ፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ እንዴት ተሰልቶ መቼ እንደሚከፈል፣ ውሉ ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ መጻፍ አለበት። ዕድሜ የሚለውን አስምሩበት። ብዙ ከኢንተርኔት የተገለበጡ ውሎች ዕድሜ የሚጻፍበት ቦታ የላቸውም። ዕድሜያችሁ 16 ተብሎ ከተጻፈ «ትልቅ መስሎኝ ነበር» የሚባል ነገር አይኖርም። በተማሪው ፊርማ ጎን ወላጅ ወይም አሳዳጊ ቢፈርም ጥሩ ነው፤ 18 ያልሞላው ሰው በሕግ አካለ መጠን ያላደረሰ ነውና ውሉ ላይ ጥያቄ እንዳይነሳ ይዘጋል።

የአሠሪው ስም ላይ ትንሽ እንቆይ። አራት ኪሎ ያለ ፎቶ ኮፒ ቤት ታፔላው ላይ የተጻፈው ስምና ንግድ ፈቃዱ ላይ ያለው ስም አብዛኛውን ጊዜ አይገጥሙም። ንግድ ፈቃዱ በሚታይ ቦታ መሰቀል ስላለበት ግድግዳው ላይ ታገኙታላችሁ፤ የባለቤቱን ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን፣ ወረዳውንና የቤት ቁጥሩን ከዚያ ቅዱ። «ፒያሳ፣ ከእንትን ካፌ ጎን» አድራሻ አይደለም። ከኮሪደር ልማቱ ወዲህ ፒያሳ ላይ «ጎን» የሚባለው ራሱ የፈረሰበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ሱቁም ወደ ሌላ ሠፈር ተዛውሮ ይሆናል። ክርክር ቢመጣ የሚከሰሰው ታፔላው ሳይሆን ፈቃዱ ላይ ያለው ሰው ወይም ድርጅት ነው።

ውል በጽሑፍ ካልተሰጣችሁስ? አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዝርዝሩን ጽፎ፣ ፈርሞ እንዲሰጣችሁ አዋጁ ያስገድደዋል። ባይሰጥም መብታችሁ አይጠፋም፤ የሚጠፋው ማስረጃው ነው። ያኔ ደመወዝ የተላከበት የባንክ ወይም የቴሌብር መልእክት፣ ፈረቃ የተነገረበት የቴሌግራም ጽሑፍ፣ አብሯችሁ የሠራ ሰው ምስክርነት ሥራውን ይሠራሉ። ቴሌግራም ላይ መልእክት ከሁለቱም ወገን ሊጠፋ ስለሚችል ቀን ቀኑን ስክሪንሾት አንሱ።

ውሉ ላይ ሰው የማያስተውለው አንቀጽ የሙከራ ጊዜ ነው። ሕጉ እስከ 60 የሥራ ቀን ይፈቅዳል። ለቋሚ ሠራተኛ ትንሽ ነው፤ ለክረምት ተማሪ ግን ቁጠሩት። በ2018 ከሐምሌ 1 እስከ ጳጉሜ 5 ድረስ 65 ቀን አለ፤ 9 እሑድ ሲወጣ 56 የሥራ ቀን ይቀራል። የሕዝብ በዓል ከገባበት ከዚያም ያንሳል። ስለዚህ «የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን» የሚል ውል የፈረመ ተማሪ ክረምቱን በሙሉ በሙከራ ላይ ነው ማለት ነው። በሙከራ ጊዜ ለሥራው ተስማሚ አይደለህም የተባለ ሰው ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ካሣ ሊሰናበት ይችላል። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ ካልተቀመጠ የለም፤ ስለዚህ እንዲወጣ ወይም ወደ አንድ ሳምንት እንዲያጥር ጠይቁ። ሁለት ወር ለማይሞላ ሥራ ሁለት ወር መፈተን ቀልድ መሆኑን ደህና አሠሪ ራሱ ያምናል። በምትኩ ውሉ ለተወሰነ ጊዜ መሆኑን፣ መቼ ተጀምሮ መቼ እንደሚያልቅ አስጽፉ።

ሌላዋ መጠንቀቅ ያለባችሁ ቃል «ለልምምድ» ናት። ለትምህርት ወይም ለሥልጠና ተብሎ የሚደረግ ግንኙነት፣ የለማጅነት ውል ካልሆነ በቀር፣ ከአዋጁ ውጭ ነው። ካፌ ውስጥ ትሪ ተሸክሞ የሚውል ልጅ ውሉ ላይ «ሠልጣኝ» ተብሎ ከተጻፈ፣ ደመወዙን ሲጠይቅ «ሥልጠና እኮ ነው» የሚል መልስ ተዘጋጅቶለታል። የሰው ቤት የሚሠራ የቤት ሠራተኛም በዚህ አዋጅ አይሸፈንም።

ሰዓት። ለአዋቂ 8 የሆነው ለወጣት ሠራተኛ 7 ነው። ትርፍ ሰዓት ክልክል ነው፤ «እጥፍ እከፍላለሁ» ቢባልም ክልክል ነው። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት፣ በሳምንት የዕረፍት ቀንና በሕዝብ በዓል ማሠራትም አይቻልም። ይህን ካዛንቺስ ወይም ቦሌ መንገድ ላይ ባለ ካፌ ፈረቃ ላይ አስቀምጡት። የጠዋቱ ከ12 እስከ 8፣ የከሰዓቱ ከ8 እስከ ምሽቱ 4። ሁለቱም 8 ሰዓት ናቸው፤ መሐል ላይ ቢያንስ አንድ ሰዓት ዕረፍት ከሌለ ሁለቱም ለ16 ዓመት ልጅ በአንድ ሰዓት ይበልጣሉ። የከሰዓቱ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። በር የሚዘጋው 4 ላይ ነው እንጂ ሥራው አያልቅም፤ ወንበር መገልበጥ፣ ወለል መወልወል፣ ካሽ መቁጠር አለ። 4 ተኩል ይሆናል፤ ከዚያ ታክሲ ፍለጋ። ምርጫ ካላችሁ የጠዋቱን ያዙና መውጫ ሰዓታችሁ 7 እንዲሆን ተነጋገሩ። ጭቅጭቁ የሚብሰው የአውደ ዓመት ሰሞን ነው። ጳጉሜ ላይ ገበያው ሲደራ «ትንሽ አምሹ» ይባላል፤ መስከረም 1 ደግሞ የሕዝብ በዓል ነውና ወጣት ሠራተኛ ቤቱ መዋል አለበት።

ትምህርት ሲከፈትስ ለሚለው፣ አዋጁ ለትምህርት ቀን ለይቶ ያነሰ ሰዓት አላስቀመጠም። ሕገ መንግሥቱ ግን በአንቀጽ 36 ሕፃናት ትምህርታቸውን፣ ጤናቸውንና ደኅንነታቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ይጠብቃል። በተግባር ከ9 ሰዓት ተኩል በኋላ ሦስት ሰዓት የሚሠራ ልጅ ሲከብደው ነው የምናየው፤ ቅዳሜ ላይ መሰብሰቡ ይሻላል።

ጨርሶ የማይነኩ ሥራዎች አሉ። መንገደኛና ዕቃ በመንገድ፣ በባቡር፣ በአየር ማጓጓዝ፤ መጋዘን ውስጥ ከባድ ነገር ማንሳት፣ መጎተት፣ መግፋት፤ የኤሌክትሪክ ማመንጫ፣ ትራንስፎርመርና ማስተላለፊያ መስመር፤ የማዕድንና የድንጋይ ካባ ሥራ፤ የፍሳሽ ቦይና ዋሻ ቁፋሮ። ሌላው ሩቅ ይመስላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ግን መሐል ከተማ ላይ በየቀኑ የሚታዩ ናቸው። ሜክሲኮ አደባባይ በር ላይ ተንጠልጥሎ «ሳሪስ፣ ሳሪስ!» የሚለው የታክሲ ረዳት 17 ዓመቱ ከሆነ የተቀጠረው በተከለከለ ሥራ ነው። መርካቶ ውስጥ ጣቃ ከመጋዘን ወደ መኪና የሚያወጣው ልጅም እንደዚሁ። ሥራው «ሱቅ ጠባቂ» ተብሎ ተጀምሮ በሁለተኛው ሳምንት ወደ ሸክም ይለወጣል፤ የሥራው ዓይነት በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ የምንለው ለዚህ ነው። ፎቶ ኮፒና ትየባ፣ መጻሕፍት መደብር፣ የሞባይል ዕቃ መሸጫ፣ ካፌ፣ ለታናናሽ ልጆች ማስጠናት፣ እነዚህ ደህና ናቸው። ማስጠናት ከሁሉም የተሻለ ይከፍላል ብለን እናምናለን።

ተያዥ። ካሸር ወይም ዕቃ ተረካቢ ሆኖ የሚቀጠር ልጅ ተያዥ አምጣ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ደመወዝተኛ የሆነ ዘመድ ከመሥሪያ ቤቱ የዋስትና ደብዳቤ ይዞ እንዲመጣ ይጠየቃል። እዚህ ላይ ለሚፈርመው አጎት አንድ ነገር ንገሩት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1922 መሠረት ዋስትና ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተገለጸበት አይጸናም። «ለሚደርሰው ጉዳት ሁሉ» የሚል ወረቀት ላይ አይፈርም፤ የብር መጠኑን በአኃዝና በፊደል አስጽፎ ይፈርም። መጠኑም ልጁ በእጁ ከሚይዘው የአንድ ቀን ሽያጭ ጋር የተቀራረበ ቢሆን ይበጃል።

ደላላ በኩል የምትሄዱ ካላችሁ፣ ሕጋዊ የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ገንዘብ አይቀበልም። «የመጀመሪያ ወር ደመወዝህ ግማሽ» የሚለው ሰውዬ ይህን ማድረጉ ብቻ ማንነቱን ይነግራችኋል።

ደመወዝ ላይ፣ አዋጁ ዝቅተኛ ክፍያ የሚወሰንበትን በር ከፍቷል እንጂ ራሱ ቁጥር አላስቀመጠም፤ ስለዚህ በድርድር ነው። ምሳ በደመወዝ ፈንታ ከተቆጠረ በዓይነት የሚሰጠው በገንዘብ ከሚከፈለው 30 በመቶ መብለጥ አይችልም። ብርጭቆ ተሰበረ፣ ሒሳብ ጎደለ ተብሎ ዝም ብሎ አይቆረጥም፤ ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ይህም ኖሮ በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዙ ከሲሶ በላይ አይነካም። ውሉ ውስጥ «ለሚጠፋው ዕቃ ከደመወዜ እንዲቆረጥ ተስማምቻለሁ» የምትል መስመር ካለች፣ የጽሑፍ ስምምነቱ እሷው ናትና ከመፈረማችሁ በፊት አሰርዟት።

ግብሩን ራሳችሁ አስሉት። በ2017 በወጣው ማሻሻያ እስከ 2,000 ብር ያለ የወር ደመወዝ ከግብር ነፃ ነው፤ ከ2,001 እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ ነው። 3,000 ብር የሚከፈለው ልጅ በ1,000ው ላይ 150 ብር ይቆረጥበታል፤ ግብሩ ብቻ ሲታይ 2,850 እጁ ይገባል። በድሮው ሰንጠረዥ ተቆርጦበት ከሆነ 307 ብር ከ50 ሳንቲም ይሆናል። አሮጌ የኤክሴል ፋይል ያላደሰ ሒሳብ ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ስሕተት ይሠራል፤ ተንኮል ላይሆን ይችላል፤ ቁጥሩን አሳዩት። ፔሮል ላይ ስትፈርሙ የምትፈርሙበት የብር መጠን ከተቀበላችሁት ጋር ይግጠም፤ ባዶ ፔሮል ላይ መፈረም ግን ደመወዙን ከማጣት አይለይም።

ትውልደ ኢትዮጵያዊ ሆናችሁ የውጭ ፓስፖርት ይዛችሁ ለክረምት የመጣችሁ ካላችሁ፣ የሥራ ፈቃድ የሚለው ቃል እናንተን ሊመለከት ይችላል። ቢጫ ካርድ፣ ማለትም የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ያለው ሰው ግን በአዋጅ 270/1994 ያለ ሥራ ፈቃድ መቀጠር ይችላል። ካርዱ ከሌለ አስቀድሞ ማውጣት ነው የሚያዋጣው።

ስትለቁ ሁለት ነገር ተቀበሉ። ቀሪ ክፍያ ውሉ ከተቋረጠ በ7 የሥራ ቀን ውስጥ መከፈል አለበት። የሥራ ልምድ ወረቀትም ስትጠይቁ በነፃ ይሰጣል፤ ምን ሥራ እንደሠራችሁ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ ደመወዛችሁ ስንት እንደነበር ይጻፍበት። ካልተከፈላችሁ በመጀመሪያ በጽሑፍ ጠይቁ፣ ኮፒው ላይ አስፈርሙ። ከዚያ የክፍለ ከተማው ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የአሠሪና ሠራተኛ ክፍል፣ ቀጥሎም ፍርድ ቤት አለ፤ የሠራተኛ ክስ የዳኝነት ክፍያ የለበትም። የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ይርጋ (ሕጉ ለመጠየቅ በሚሰጠው የጊዜ ገደብ) ያልቃል። የነሐሴ ደመወዝ ያልተከፈለው ልጅ «ትምህርት ሲቀለኝ እሄዳለሁ» ብሎ የመንፈቅ ዓመቱን ፈተና ከጠበቀ ጊዜው ይጠብበታል፤ የካቲት ሳይጋመስ ማመልከቻው መዝገብ ቤት ገብቶ ቁጥር ይሰጠው።